ለደጋን የሚሆን ፕላስተር

ወልድያ ውስጥ የወረቀት ፕላስተር ሊገዛ የሚወጣ ሰው ትዕግሥቱን ይዞ ይውጣ። የባለሱቁ ሁሉ መልስ አንድ ነው፤ «ሁሉም ያው ነው» ይልሃል። ያው አይደለም። እኔ ጋራዥ ውስጥ የተሰበረ የባጃጅ ግንባር በፋይበር እየጠገንኩ፣ ቀለም እየቀባሁ የምኖር ሰው ነኝ። ቀለም ስንረጭ መስታወቱንና ጎማውን የምንከልለው በዚህ ፕላስተር ስለሆነ ከእጄ ተለይቶ አያውቅም። ስለዚህ ያው ነው ሲሉኝ ደሜ ይፈላል። አንዱ ገና ስትስበው ይበጠሳል። አንዱን ጠዋት ለጥፈኸው ቀትር ላይ ራሱ ተልጦ መሬት ላይ ታገኘዋለህ። አንዱ ደግሞ ሲነሳ ቀለሙን ይዞ ይነሳል። ደህና የሚባለውም ቢሆን ፀሐይ ላይ ካከረምከው ወረቀቱ ይደርቅና ሙጫው እዚያው ይቀራል። ከዚያ በኋላ በቤንዚን ብታሸው፣ በጥፍርህ ብትፍቀው ዱካው አይጠፋም።

እንዲህ ፕላስተር መራጭ ያደረገኝ ግን መኪና አይደለም፤ የአማቴ ደጋን ነው።

ደጋን ጥጥ መንደፊያ ነው። የጎበጠ እንጨት ሆኖ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጅማት ተወጥሮበታል። ነዳፊዋ በግራ እጇ አንጠልጥላ ትይዘውና ጅማቱን ፍሬው ከወጣለት ጥጥ ላይ አስጠግታ በቀኝ እጇ ትመታዋለች። ጅማቱ በነዘረ ቁጥር ጥጡ እየተፈታ ይነሳል፣ ይፈካል። የፈካው ባዘቶ ይባላል፤ በእንዝርት የሚፈተለው እሱ ነው። አማቴ ግራና በምትባለው ከተማና በዙሪያዋ በዚህ ሥራ የታወቁ ናቸው። የመርሳ ሸማኔዎች የእሳቸውን ፈትል ዳስሰው ብቻ ከሌላው ይለዩታል። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሚኖሩት ብቻቸውን ነው፤ እዚያው ግራና፣ ከገበያው ወረድ ብሎ ባለው ቤታቸው።

ከእናታቸው የወረሱት ደጋን በጦርነቱ ቤት ጥለን በሸሸንበት ጊዜ ጠፋ። ስንመለስ ቤቱ ነበር፤ ደጋኑ አልነበረም። ማን እንደወሰደው ወይም ማን እንዳነደደው አናውቅም። ምትክ ብለው ያገኙት ከወይራ የተሠራ ከባድ ነገር ነበር፤ እሱንም ችለውት ኖሩ። በኋላ አንድ ክረምት በራፋቸው ላይ አዳልጧቸው ወደቁና ግራ ትከሻቸው ተጎዳ። ዳነ ተባለ እንጂ አልዳነም። ውኃ የምትቀዳላቸው ጎረቤት ለባለቤቴ ስልክ ደውላ፣ «እናትሽ ጀሪካን ማንሳት ካቃታቸው ከረመ። እኔ እንደነገርሁሽ ግን እንዳታወሪብኝ» አለቻት።

ባለቤቴ ወዲያው ግራና ወረደች፤ እኔም አብሬያት ሄድኩ። ወልድያ መጥተው እኛ ጋ እንዲኖሩ ነበር የፈለገችው። ልጅ ናትና እውነቷን ነው።

«ጥጤን መንደፍ እስከቻልሁ ድረስ ቤቴን አልዘጋም» አሉ አማቴ። «ያቃተኝ ዕለት ግን፣ ወላሂ፣ ሳትጠሪኝ እመጣለሁ።»

«ይኸው አቅቶሽ የለም እንዴ?»

«እሱ የደጋኑ ክብደት ነው። ቀላል ደጋን ባገኝ ምን ይለኛል?»

በእናትና በልጅ መሀል አማች አይገባም። ግን ሥራዬ ነውና አፌ ቀደመኝ፤ «በፋይበር ይሠራል። እንደ ደረቅ አገዳ የሚቀል አድርጌ እሠራልዎታለሁ» አልኩ። ባለቤቴ ገረመመችኝ። አማቴ ግን «አላህ እጅዎን ይባርከው» አሉኝ፤ ነገሩም በዚያ ተቋጨ። ቀላሉ ደጋን ተሠርቶ እስኪመጣ ይቆያሉ። ሲመጣ ይሞክሩታል። መንደፍ ከቻሉ በቤታቸው ይኖራሉ፤ ካልቻሉ ቤቱ ይዘጋና ወልድያ ይመጣሉ።

አማትና አማች እኛ ዘንድ አንቱ ይባባላሉ። እኔ ስገባ ተነስተው ሻሻቸውን ያስተካክላሉ፤ እኔም እሳቸው ሳይቀመጡ አልቀመጥም። ቅር ያላቸው ነገር ቢኖር ፊት ለፊት አይነግሩኝም፤ ነውር ነው። ለልጃቸው ይነግሯታል፣ ልጃቸው ለእኔ ትነግረኛለች። ስለ ደጋኑ ያሉትን ሁሉ የሰማሁት እንዲህ ዞሮ ነው። ታዲያ እወዳቸዋለሁ። ከሰው ጋራዥ ሰው ጋራዥ የምዞር፣ ይህ ነው የሚባል ነገር የሌለኝ ሰው ሆኜ ልጃቸውን ሳስጠይቅ ዘመዱ ሁሉ ሲያጉረመርም፣ «እጁ ሥራ ያውቃል፤ ይበቃል» ያሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

የደጋኑ አሠራር ለወሬ ቀላል ነው። ከአልጋ ሠሪ ያመጣሁትን ቀርከሃ በስሱ እሰነጥቃለሁ። ከላይና ከታች ፋይበር የምንለውን የመስታወት ክር ጨርቅ አደርግበትና ሬዚን በሚባለው ማር የመሰለ ፈሳሽ አርሰዋለሁ። ከዚያ በደጋን ቅርጽ በተጠረበ ጣውላ ላይ አጋድመዋለሁ። ሬዚኑ ደርቆ ጨርቁንና ቀርከሃውን አንድ እስኪያደርጋቸው ድረስ ግን አጥብቆ የሚይዛቸው ነገር ይፈልጋሉ። ሞርሳ በሚባለው የብረት መቆንጠጫ ብታስራቸው የነከሰበት ቦታ ይሰረጉዳል። ስለዚህ ከጫፍ እስከ ጫፍ በፕላስተር ይጠመጠማሉ፤ ሲደርቅ ፕላስተሩ ይፈታል። ፕላስተሩ ከላላ በመሀል አየር ይገባል። አልነሳም ካለ ደግሞ ወረቀቱ የደጋኑ አካል ሆኖ ይቀራል። ነገሩ ሁሉ ፕላስተሩ ላይ ነው የምለው ለዚህ ነው።

የመጀመሪያውን ያበላሸሁት በሙያ ልማድ ነው። ቀለም ቀቢ ፕላስተሩን የሚያነሳው ቀለሙ ሳይደርቅ ነው፤ ከደረቀ ጠርዙ ይቆራረሳል። እጄ ይህን ለምዷል። ሬዚኑ ጠበቅ ማለት ሲጀምር ሳላስበው ጫፉን ይዤ ላጥኩት። ደጋኑም እንደ አሮጌ ጫማ አፉን ከፈተ። አብሮኝ የሚሠራው ላሜራ ቀጥቃጭ መጥቶ አየውና፣ «ጥጥ ሊነድፍ ነው ወይስ ሰው ሊነክስ?» አለኝ። ያኛው ከጋራዡ ሳይወጣ ተጣለ።

ሁለተኛውን እስኪደርቅ ጠበቅሁት። ፕላስተሩ ግን ከመናኸሪያው አጠገብ ካለ ሱቅ የገዛሁት፣ ነጭና ስስ ነገር ነበር፤ ሬዚኑን ጠጥቶ አብሮ ደረቀ። በብርጭቆ ወረቀት ስፈገፍገው ዋልኩ። ደህና መሰለኝና ይዤው ወረድኩ፤ ከወልድያ በሚኒባስ መርሳ፣ ከመርሳ በሌላ መኪና ግራና። ሚኒባሱ ውስጥ ወዲህ ወዲያ እንዳይጋጭብኝ በጉልበቴ መሀል አቁሜ ስይዘው ተሳፋሪው ሁሉ ምንነቱን ጠየቀኝ። ደጋን ነው ስላቸው አላመኑም፤ አንዱ የቴሌቪዥን አንቴና ነው ብሎ ድርቅ አለ።

አማቴ በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። «ማሻ አላህ! እጅ ላይ አለ እንኳ አይባልም» አሉ፤ መዘኑትና መረቁኝ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ሰቀሉት። እኔ እያለሁ አልሞከሩትም፤ እኔም በአማት ፊት ቆሜ ይሞክሩት አልልም። በዚያው ሰሞን ባለቤቴ በስልክ አናግራቸው ስትጨርስ፣ «ጥጡ ይያዝበታል ትላለች» አለችኝ። ልክ ነበሩ። ሙጫው ሙሉ በሙሉ ስላልተነሳ ብናኙ እየሄደ ይለጠፍበታል። እንዲያውም ደስ አለኝ። ጉድለቱን እንዲህ ነጥሎ የሚነግረኝ ሰው ጋራዥ ውስጥ አላገኝም፤ ባለመኪና የሚያውቀው «አላማረኝም» ማለት ብቻ ነው።

ቀጥሎ ካርቶን የሚታሸግበትን ቡናማ የፕላስቲክ ፕላስተር ሞከርኩ። ሬዚን ፕላስቲክ ላይ አይዝም። ስፈታው ሙልጭ ብሎ ተነሳ፤ ደጋኑም እንደ መስታወት አበራ። ወሰድኩላቸው። «ፊቴን ያሳየኛል እኮ!» ብለው ሳቁ፣ መረቁኝ፣ ቀድሞ ካመጣሁላቸው አጠገብ ሰቀሉት። መልሱ እንደ ወትሮው በባለቤቴ በኩል መጣ፤ «ከእጅ ያሟልጫል ትላለች።» ይህም ልክ ነበር። በዚያ ላይ ፕላስቲክ ስለማይለጠጥ ጉብጠቱ ላይ ሲደርስ ተጨማዶ በደጋኑ ላይ ሸንተረር ሠርቶ ነበር። ያንን እሳቸው አላነሱትም፤ እኔ ግን አይቼዋለሁ፤ ያበሳጨኝም እሱ ነው።

በመሀሉ አንድ ቀን ግራና ሥራ አግኝቼ ሄድኩና ሳልናገር ወደ ቤታቸው ጎራ አልኩ። ከአጥሩ ውጭ ሆኜ የደጋን ድምፅ ሰማሁ። አንዴ ነዘረ፤ ዝም አለ። ቆይቶ እንደገና አንዴ። ስገባ ጥጡ ተዘርግቷል፤ ይዘውት የነበረው የሚያሟልጨውን ደጋን ነው። ፈጥነው አስቀመጡትና «እንዴት ዋሉ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው?» ብለው ወንበር ጠረጉልኝ። እኔ ያየሁት ደጋኑን ነው፤ እውነትም ያስቸግራል አልኩ፣ ሌላ ፕላስተር መፈለግ አለብኝ አልኩ። ክንዳቸውን አላየሁም።

ባለቤቴ ግን መታገሥ አቃታት። አንዱን ክፍል አጽድታ፣ ፍራሽ አስገብታ፣ እናቷ የሚሰግዱበትን ጥግ ሳይቀር ለይታ ነበር። ምሳ እያቀረበችልኝ፣ «አንተ ፕላስተር ስታማርጥ እናቴ ብቻዋን ወድቃ ትገኛለች» አለችኝ።

«የቀረው ትንሽ ነው» አልኳት።

«ትንሽ ነው፣ ትንሽ ነው! እሷም የምትለኝ ይህንኑ ነው።»

ትንሽ ነበር የቀረው፤ ግን አስቸጋሪው ትንሽ ነው። እንደ ወረቀት የሚለጠጥ፣ እንደ ፕላስቲክ ንጹሕ ሆኖ የሚነሳ ፕላስተር ያስፈልጋል። ወልድያ ቀለም ቤት ያለው ቢጫው ተስፋ ይሰጥ ነበር፤ በወልድያ ብርድ ደህና ይሠራል። መርሳ አንድ የማውቀው ሰው ጋራዥ ሄጄ በእሱ ስጠመጥም ግን ሙቀቱ ሙጫውን አላላውና ጨርቁ ቀርከሃው ላይ ተንሸራተተ። ደጋኑ ተጣመመ። አጠማጠሜም ልክ አልነበረም፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስጎትት ሁሉንም ወደ አንድ ጎን ወስጄዋለሁ። ከመሀል ተነስቶ ወደ ሁለቱ ጫፍ መጠምጠም እንደሚሻል ያን ቀን ገባኝ።

ትክክለኛውን ያገኘሁት እዚያው መርሳ፣ የሱቅ ታፔላ ከሚጽፍ ሰው ነው። ከውርጌሳ እስከ ወልድያ መንገድ ዳር የእሱን ታፔላ ለይቼ አውቀዋለሁ፤ የፊደሎቹ ጠርዝ በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል። ሄጄ በምን እንደሚከልል ጠየቅሁት። «ያው ሁሉም የሚጠቀምበት ነው» አለኝ። ይህን ቃል ከእሱም ስሰማ ተናደድኩ።

«ያው ቢሆንማ እዚህ ምን አመጣኝ?» አልኩት።

ሳቀና ከመሳቢያው ሥር አረንጓዴ ጥቅል አወጣ። ቆርጬ ደጅ የቆመ ባጃጅ መስታወት ላይ ለጠፍኩትና ዙህር ሰግጄ እስክመለስ ተውኩት። ፀሐዩ የመርሳ ፀሐይ ነው። ሳነሳው መስታወቱ ላይ ምንም የለም። ስስበው ይለጠጣል፣ አይበጠስም። በመርፌ ስወጋው አይቀደድም፤ የተረፈው ሬዚን በቀዳዳው ሊወጣ ይችላል ማለት ነው። ጥቅሉን እንዲሰጠኝ ለማሳመን ብዙ መለማመጥ ነበረብኝ።

«ዱካ አይተውም» አለኝ ሲሰጠኝ። «ግን ለጥፈኸው እንዳትረሳው። ፀሐይ ላይ ከከረመ እሱም እንደ ሌላው ነው።»

በዚያ ፕላስተር የሠራሁት ደጋን በእጄ ከወጣው ሥራ ሁሉ ይበልጣል። ይህን ስል አላፍርም። እንዳያሟልጭ መያዣውን በጥጥ ገመድ ጠመጠምኩት። ሙጫ የለበት፣ ሸካራ የለበት፣ አልተጣመመ። በአንድ ጣት ይነሳል። ባለቤቴ እንኳ አገላብጣ አይታ፣ «ይሄስ ጥሩ ነው» አለች፤ ፊቷ ግን አልፈካም። ጥሩ ከሆነ እናቷ ግራና ሊቀሩ ነው። እኔም እንደዚያ ነበር ያሰብኩት።

አብረን ወረድን። አማቴ ተቀበሉኝ፤ ግን ልጃቸው ቆማ እያየቻቸው ስለነበር እንደ በፊቶቹ ወስደው አልሰቀሉትም። ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመለከቱት። ሙጫ የሚቀርበትን ቦታ ሁሉ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። መያዣውን ጨበጥ ለቀቅ አደረጉ። አየር ላይ ወዘወዙት። እኔ በኩራት ቆሜያለሁ። «በሉ እንግዲህ» አሉ ለማንም ሳይሆን፤ ቁርበቱ ላይ ተቀምጠው ጥጡን ዘረጉ።

ጅማቱን ሲመቱት ድምፁ ቤቱን ሞላው። ጥጡ ነጭ ብሎ ተነሳ። አለቀ፣ ቻሉ አልኩ በልቤ። ደግመው መቱ። ሲያሰልሱ ግራ እጃቸው ቀስ እያለ ወረደና ደጋኑ ጥጡ ውስጥ ገባ። አነሱት። ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው ሞከሩ፤ እንደገና ወረደ። ደጋኑ ከብዷቸው ነው የሚል ሰው አይኖርም፤ ሕፃን ያነሳዋል። ባለቤቴ ወደ በሩ ዞራ ነጠላዋን ታጣጥፋለች፣ መልሳ ትዘረጋለች።

የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ጥጥ ይያዝበታል ማለት ሌላ ደጋን እስኪመጣ ድረስ በቤቴ እቆያለሁ ማለት ነበር። ያሟልጫል ማለትም እንደዚያው። በአንዱም አልዋሹም፤ የነገሩኝ ጉድለት ሁሉ እውነተኛ ጉድለት ነው። ግን ጉድለቱን እንደ ቤት ይኖሩበት ነበር። እኔ ደግሞ ፕላስተር እያማረጥኩ አንድ በአንድ ለቀምኩባቸው።

ያለ ልማዴ በራሴ ሥራ ላይ እንከን ፈለግሁ። «ጅማቱ በጣም ከርሯል» አልኩ። «የከበደዎ እሱ ነው። ልውሰደውና ላላ ላድርገው፤ ቅርጹም ቢሆን ትንሽ ይቀረዋል።»

አማቴ ቀና ብለው ዓይን ለዓይን አዩኝ፤ አማት አማቹን እንዲያ አያይም። «አይ፣ ምንም አልቀረው» አሉ። «እጅዎ ይባረክ። ደግ ደጋን ነው።» ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው፣ «እንግዲህ ምን እላለሁ፤ ቃሌ ነው። ልብሴን አውጪልኝ» አሏት። ባለቤቴ የፈለገችውን አገኘች፤ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። አማቴ ናቸው «አብሽሪ፣ አብሽሪ» እያሉ ያባበሏት።

የሚያዝ ዕቃ ብዙ አልነበረም። ዶሮዎቹ ውኃ ለምትቀዳላቸው ጎረቤት ተሰጡ፤ ጥጡ በጆንያ ተደረገ። ደጋኖቹን ሁሉ ከግድግዳው ሳወርድ፣ «እነሱ እዚሁ ይሁኑ፤ ስመለስ እፈልጋቸዋለሁ» አሉኝ። መልሼ ሰቀልኳቸው። ቤቱ ተዘጋ፤ በራሳቸው እጅ ቆለፉትና ጓጉንቸሩን ጎተት አድርገው አረጋገጡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ያ ፕላስተርዎ አብሮዎት አለ?»

ከተዛመድን ጀምሮ ይህን ይስጡኝ ሲሉኝ ሰምቼ አላውቅም። ጥቅሉ ኪሴ ውስጥ ነበር።

«ዝናብና አቧራ እንዳይገባበት ጓጉንቸሩን ይሸፍኑልኝ። ስመለስ አልከፈትም እንዳይለኝ።»

ከመሀል ተነስቼ ወደ ሁለቱ ጫፍ ጠመጠምኩት። በደንብ ጠመጠምኩት፤ ሥራ ነው። እስክጨርስ አጠገቤ ቆመው አዩኝና በአውራ ጣታቸው ዳሰስ አደረጉት።

«ሲነሳ ዱካ አይተውም አይደል?»

«አይተውም» አልኳቸው።

«ቶሎ ከተነሳ» የሚለውን ዋጥኩት። በሩ ፊቱ ወደ ፀሐይ ነው።